በፒንሳ እንዳትነካው

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ይጀምርና እስከ ጓሮው ይዳረስልኝ። እንዴት ሰነበትክ? ካርቶን ሲሸከም የከረመው ወገብህ እንዴት አደረገህ? የእማዬ ጉልበት አሁንም ደረጃው ላይ ያስቆማታል ወይስ ያ የላክሁት ቅባት ረዳት? ሚስትህ ደህና ናት? ሚጢጢዋ ያ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? የአባባን ቁርጭምጭሚት ደግሞ እንዴት ብዬ ልጠይቅህ? አንተ ራስህ ወሬውን የምትሰማው በእማዬ በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ናፍቆቱን ሐኪም አያየውምና እሱን ልተወው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። በስልክ ያልነገርከኝ የቤታችን ግድግዳ ጆሮ ስላለው፣ ጆሮውም የአባባ ስለሆነ እንደሆነ ገብቶኛል። አንብቤ እንደጨረስኩ ለእማዬ ደውዬ፣ ያን ነገር ደብዳቤዬ ሳይደርሰው እንዳይነካው በይልኝ አልኳት። ምኑን ነው፣ ጋዙን ነው፣ ኤሌክትሪኩን ነው እያለች ስትጨነቅ ዋለች አሉ። ይቅርታ ጠይቅልኝ። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለምትመጣ ነርስ እሰጣታለሁ፤ ከቅዳሜ በፊት እጅህ ላይ እንደምታኖረው ምላልኛለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የጻፍክልኝን እንደገባኝ መልሼ ልንገርህ፤ የሳትኩት ካለ ታርመኛለህ። አምና አባባ ወንዙ ዳር ድንጋይ አንሸራቶት ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ዕለት አንተ ተሸክመህ አወጣኸው። በማግስቱ ተመልሰህ የማጥመጃ ዘንጉን ከውሃው ዳር አነሳኸው። ከእንግዲህ ወንዝ የሚባል ነገር የለም ብለህ፣ የሚገጣጠሙት ሁለት ቁራጮቹ ሳይላቀቁ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቀለልከው። በፕላስተር ሰባት ቦታ አሰርከው። ከዚያ ኮርኒሱ ውስጥ ከትተህ ቆለፍክበት። መጋዘን ጠባቂ አይደለህ፣ አጠቃለልህማ ያምርብሃል። አባባም ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት አላናገረህም። ጨው ሲፈልግ እንኳ፣ አንተ ጨውን ይዘህ አጠገቡ ተቀምጠህ፣ ያን ልጅ ጨው ያቀብል በይው ይላታል እማዬን።

አሁን ሐኪሙ ይራመድ፣ ውሃ ዳርም ቢሄድ ደስ ይለዋል ሲል አንጀትህ ራራ። ዘንጉን አውርጄ ላስደስተው ብለህ ላስቲኩን ስትፈታ ሁለቱን የሚያያይዘው የነሐስ ማጋጠሚያ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ጠበቀህ፤ ሁለቱ ቁራጭ አልላቀቅ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሳነብ ነው ወንበር የፈለግሁት። ቅዳሜ አባባ ክሊኒክ ሲሄድ ከመጋዘን ሞርሳና ፒንሳ አመጣለሁ፣ በጋዝ እሳት አሙቄ ጠምዝዤ አላቅቀዋለሁ፣ እሱ ሳያውቅ ሁሉም ነገር ያልቃል ብለሃል። ወንድምዓለም፣ እንዲያ ካደረግህማ በእርግጥም ሁሉም ነገር ያልቃል።

ይህን የማጥመጃ ዘንግ ጥገና ሥራ ስይዝ ዱላ ወልዋይ ሆንሽ ብለህ በስልክ ስትስቅብኝ ግማሽ ሰዓት ፈጅተሃል። አልተቀየምኩህም፤ እኔም ያኔ ዱላ ነበር የሚመስለኝ። የምሠራባት ክፍል ከብስክሌት ጥገና ቤት በላይ ያለች ጠባብ ናት። በእንጨት ደረጃ ይወጣል፤ ሦስተኛው መወጣጫ ሲረገጥ ይጮሃል፣ አለቃዬም ደንበኛ መምጣቱን የሚያውቁት በእሱ ነው። በመስኮቱ በኩል ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጣራው ላይ በጨርቅ ከረጢት የገቡ የቀርከሃ ዘንጎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ጠዋት ጠዋት ወለሉን ውሃ እረጨዋለሁ፤ ቫርኒሽ ሲቀባ አቧራ እንዳይነሳ ነው። አለቃዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሰው ይልቅ ከቀርከሃ ጋር የሚያወሩ ሰው ናቸው። ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክር መርፌ ውስጥ በአንድ ጊዜ ታስገቢያለሽ ወይ አሉኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ ስላቸው ወንበር ሳቡልኝ።

መጀመሪያ ሁለት ወር ያሠሩኝ መወልወል ብቻ ነበር፤ በዚህስ ልክ ነህ። ወንዝ ደርሶ የመጣ ዘንግ ሁሉ በለስላሳ ጨርቅ ከእጀታው እስከ ጫፉ ይጠረጋል፣ ክሩ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀለበቶች ሥር ያለው እርጥበት በጥጥ ይለቀማል፣ ከዚያ በጥላ አንድ ቀን ሙሉ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ምሳዬን ልበላ ስጣደፍ አንዱን ዘንግ ጥግ ላይ አስደግፌው ሄድኩ። ስመለስ አለቃዬ ከፊቱ ቆመው፣ ምነው ይሄ ልጅ ደክሞታል እንዴ ግድግዳ የተደገፈው አሉኝ። ለካ ቀርከሃ እንደተደገፈ ከቆየ ያንን ጉብጠት ይለምደዋል፤ ኋላ ቀጥ በል ቢሉት በጄ አይልም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘንግ ሳልሰቅል ምሳ ሄጄ አላውቅም።

በሦስተኛው ወር ግን አንድ የተሰበረ ቁራጭና አጉሊ መነጽር አቀበሉኝና ስብራቱን እዪው አሉኝ። አየሁት። ወንድሜ፣ እኔና አንተ አንድ ቀርከሃ የሚመስለን ያ ዘንግ አንድ አይደለም፤ ስድስት ነው። ቀርከሃውን ይሰነጥቁታል። እያንዳንዱን ስንጥር በመላጊያ እየላጉ ሦስት ማዕዘን ያደርጉታል። ከዚያ ስድስቱን ጎን ለጎን ገጥመው በሙጫ ያጣብቋቸዋል። ውስጡ ባዶ አይደለም፤ የሁሉም ሹል ጠርዝ መሐል ላይ ይገናኛል። እጀታው አጠገብ አውራ ጣት የሚያክለው ወደ ላይ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ የክብሪት እንጨት ያክላል፤ በዚያች የክብሪት እንጨት ውስጥም ስድስቱም አሉ። ስድስቱም! የፀጉር ስፋት የምታክል ስሕተት ካለች ዘንጉ ያሳብቃል አሉኝ። በማሽን ነው ወይ የሚላገው አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አላጣም። አንድ እሑድ የተጠገነ ዘንግ ልንሞክር ወንዝ ወረድን። ከላባና ከክር የተሠራች፣ ዓሣ የምታታልል የውሸት ዝንብ ክሩ ጫፍ ላይ አስረው ያዢ አሉኝ። ወደ ኋላ ወርውሬ ቆም፣ ወደ ፊት ወርውሬ ቆም። ሃያ ጊዜ ከቁጥቋጦው ጋር ተጠላለፍኩ። በሃያ አንደኛው ዝንቧ ውሃው ላይ አረፈች፣ አንድ ነገር ከሥር መጣና ነካት። ወንድሜ፣ ነካት ስልህ ያየሁት አይምሰልህ፤ በመዳፌ ነው የሰማሁት። ያቺ የጣት ርዝመት የማታክል ዓሣ አፏን የከፈተችበትና የዘጋችበት በዚያ ሁሉ ቀርከሃ ውስጥ ወርዶ እጄ ውስጥ ገባ። አባባ እሑድ እሑድ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ውሃ ዳር የሚቆመው ምን እያዳመጠ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ወደ ፒንሳህ ልምጣ። ከወር በፊት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሦስተኛውን መወጣጫ አስጮኸና ገባ። ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው ነው። የያዘው የሟች ታላቅ ወንድሙን ዘንግ ነበር። ማጋጠሚያው ተጣብቆበት በፒንሳ ይዞ ጠምዝዞታል። ክብ የነበረው ብረት ተጨፍልቆ ሞላላ ሆኗል፤ ከብረቱ ሥር ቀርከሃው ተጠማዝዞ ስድስቱ ስንጥሮች ሙጫቸው ለቆ ተለያይተዋል። ትንሽ ነው እኮ ያዞርኩት አለ ሾፌሩ። ይድናል ወይ ሲል አለቃዬ፣ እሱን የሚመስል ሌላ እሠራልሃለሁ፣ ይሄኛው ግን አይመለስም አሉት። ሰውየውም ቁራጮቹን በጃኬቱ ጠቅልሎ ይዟቸው ወረደ። እኛም ያን ቀን ሬዲዮ አልከፈትንም።

በሳምንቱ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ልክ እንዳንተው የተጣበቀ ዘንግ አመጡ። አለቃዬ ማጋጠሚያው አፍ ላይ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርገው አሳደሩት። አባባ የስፌት መኪናውን የሚያጠጣትን ዓይነት ዘይት ነው። በማግስቱ መምህርቷ ተመልሰው ሲመጡ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ብረቱ ላይ ያዙ፤ ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል። ከዚያ ነይ፣ ይሄ ያንድ ሰው ሥራ አይደለም አሉኝና ፊት ለፊት ቆምን። እያንዳንዳችን አንዱን እጃችንን ከማጋጠሚያው በታች፣ አንዱን ከማጋጠሚያው በላይ ቀርከሃው ላይ አደረግን። የሳቸው እጅ፣ የኔ እጅ፣ ከብረቱ ወዲያ ደግሞ የሳቸው፣ የኔ። መጠምዘዝ የለም፤ ቀጥ አድርጎ መሳብ ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲስብ አንዱ ክንዱ ይቀድምና ዘንጉን ያጥፈዋል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን ያንዱ እጅ የሌላውን ችኮላ ይይዘዋል አሉኝ።

እስከ ሦስት ቆጥረን ሳብን። ወይ ፍንክች። እንደገና በረዶ፣ እንደገና በሦስት። በአራተኛው ጧ አለ። ቡሽ ከጠርሙስ አፍ ሲወጣ የምትሰማውን ትንሽ ድምፅ ታውቃት የለ፣ እሷን ነው። መምህርቷ አጨበጨቡ፣ እኔ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አላውቅም።

ቀጥሎ የሆነውን ስነግርህ ደግሞ ከወንበርህ እንዳትወድቅ። አለቃዬ ወደ ውስጥ የሚገባውን ብረት በአልኮል ጠርገው ካደረቁት በኋላ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ ብረቱን በአፍንጫቸው ጎን አሸት አሸት አደረጉት። አፍንጫ ጎን ያለው ወዝ ይበቃዋል፣ ከዚያ ከበዛ ቆሻሻ ይይዛል አሉ። ልስቅ አፌን ከፍቼ ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። አባባ! እሑድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ዘንጉን ወደ ፊቱ ሲያስጠጋ፣ እኔና አንተ ከመጋረጃው ኋላ ሊስመው ነው፣ ሊስመው ነው እያልን ሆዳችንን ይዘን የምንስቀው! ሲስመው አልነበረም። ወዝ እየሰጠው ነበር። እውነቱን ለመናገር የአባባ አፍንጫ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ለአንድ መጋዘን ሙሉ ብረት ይበቃል።

ያን ቀን ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ መጣልኝ። ዘንጉ ጥግ ተደግፎ አይተነው እናውቃለን? አናውቅም፤ ከበሩ በላይ ምስማር ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። እሑድ እራታችንን ወለል ላይ የምንበላው ለምን ነበር? ዘንጉ ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ እየደረቀ ስለሆነ ነበር። ከሱሪ የተረፉትን ለስላሳ ቁርጥራጮች አትጣሉ የሚለን ለምን ነበር? ሊወለውልበት ነው። እኔ ባሕር ተሻግሬ፣ ከማላውቃቸው ሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርኩትን ሁሉ አባባ ያውቀው ነበር። አባባን ልብስ መስፋት ያስተማረው ሽማግሌ ሲሞት ከመቀሱ ጋር ያወረሰው ያንን ዘንግ ብቻ ሳይሆን እንክብካቤውንም ጭምር ኖሯል። ለኛ ግን ከ«አትንኩት» በቀር አንድ ቃል ተርፎት አያውቅም።

አሁን እስካሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ፣ ኳሳችን ጣራ ላይ ወጣ። የሚደርስልኝ ነገር ፈለግሁ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ያወረድኩት ዘንግ ደረሰልኝ። ኳሱ ወረደ፣ የዘንጉ ጫፍም አብሮ ወረደ፤ ከአናቱ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ቀጭ አለ። ሳይበጠስ ተንጠለጠለ። በምራቄ አርሼ አጣበቅሁትና (አትሳቅ) ከረጢቱ ውስጥ መልሼ፣ መብረቅ እስኪወርድብኝ ጠበቅሁ። እሑድ አባባ ዘንጉን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ማነው የነካው አላለም። ሁለት እሑድ ወንዝ አልሄደም፤ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ዋለ። በሦስተኛው እሑድ ዘንጉን ይዞ ወጣ። እኔም የልጅ ነገር፣ ቀርከሃ ተክል ስለሆነ መልሶ በቅሎ ነው ብዬ አመንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ አመንኩት።

በቀደም አለቃዬ ስብራት ሲጠግኑ አየሁ። የተሰበረውን በሁለቱም በኩል በሰያፍ ይልጉታል፣ ያጣብቁታል፣ ከዚያ ላዩን በሐር ክር ይጠቀልሉታል። አንዱ ዙር ባንዱ ላይ ሳይወጣ፣ በመሐላቸውም ክፍተት ሳይኖር፣ አንዲት ጣት በምትሆን ርዝመት ከመቶ በላይ ዙር። ክሩ ነጭ ነበር፣ ከሩቅ ይታያል። እኔ ጠባሳው አስጠላኝ። እሳቸው ግን በብሩሽ ቫርኒሽ ነካ ሲያደርጉበት ክሩ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ቫርኒሽ የጠጣ ነጭ ሐር መስታወት ይሆናል፤ ከሥሩ ቀርከሃው ብቻ ነው የሚታየው። የአባባ ዘንግ ከጫፉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በጣት ሲዳሰስ ካልሆነ በዓይን የማትታይ አንዲት እብጠት አለችው፤ ባለፈው ስመጣ አባባ ያዢልኝ ሲለኝ በጣቴ አግኝቻት፣ የቀርከሃው አንጓ ነው ብዬ አልፌያታለሁ። አባባ ለሙሽራ ቀሚስ ብቻ የሚያወጣው ነጭ የሐር ክር የሚቀመጥበት መሳቢያ ትዝ አለኝ።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ብሩሻቸውን አስቀመጡና፣ ቀለም ያለው ክር ቢጠቀም ይቀለው ነበር፤ በነጭ ሐር የጠቀለለው ሰው ስብራቱን ማንም እንዳያገኘው የፈለገ ሰው ነው አሉኝ። ከዚያ አንቺ ይህን መሥራት ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሞክር ክሩ እስካሁን እንዳባባ አልጠፋልኝም። ወንድሜ፣ አባታችን የሱሪ ቁልፍ ሲተክል የምናውቀው ሰውዬ፣ ልጁን ላለመጠየቅ ሲል ሁለት እሑድ ቁጭ ብሎ ስብራቷን ከዓለም ዓይን ሰወረላት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ እሱ ሳስብ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ያምረኛል።

ስለዚህ ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት አንተን ላስተምር ነበር። ዘይቱን እንዲህ አድርግ፣ በረዶውን እንዲያ ያዝ ልልህ። እየጻፍኩ ሳለሁ በራሴ ሣቅሁ። አስተማሪው አጠገብህ ነው። ካንተ አልጋ እስከሱ አልጋ ዐሥር እርምጃ አይሞላም፤ መሐላችሁ ያለው መጋረጃ ነው፣ እሱንም እናታችን ቀን ሙሉ ወሬ እያመላለሰች ቀዳዳ አድርጋዋለች። አንተም ክፉ አላሰብክም። እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰበር፣ አባባም ደግሞ እንዳይወድቅ ብለህ ነው ሰባት ቦታ ያሰርከው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ሆነብህ እንጂ። እርጥቡን ላስቲክ ውስጥ የከተተው ፍቅርህ ነው፣ ብረቱንም ያዛገው እሱው ነው።

የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ፒንሳውን መጋዘንህ ውስጥ ተወው። እሳት የሚባል ነገር አታስጠጋው፤ ሙጫው ሲሞቅ ስድስቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ገፍፈህ አባባ ፊት አምጣው። የሚጀመርበት ቃል ካጣህ የኔን ጥፋት አስቀድም። ከጫፉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ያለውን የሰበረችው እሷ ናት፣ ኳስ ስታወርድ፣ አሁን ነው የነገረችኝ በለው። ከዚያ ያንተ ይከተላል። ይቆጣል። ይቆጣ! ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው እሱን አይደለም እንዴ? ቁጣም በእማዬ በኩል ካልመጣ ንግግር ነው።

አልዋሽህም፤ ላይድንም ይችላል። ዓመት ሙሉ እርጥበት የጠጣ ቀርከሃ ሙጫው ውስጥ ውስጡን ለቆ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ አብራችሁ እዩት። ከዳነ፣ ኮርኒስ ውስጥ ተኝቶ ጎብጦም ቢሆን አያስጨንቃችሁ፣ ተንጠልጥሎ ሲቆይ የሚመለሰው ይመለሳል። ካልዳነ ቁራጮቹን በከረጢቱ ላኩልኝ። ስድስቱን ስንጥሮች ማን ላጋቸው ብዬ በአጉሊ መነጽር ዓይቼ፣ ባይሆን ያቺን የአባባን መቶ ዙር ክር ብቻ አትርፌ እይዛታለሁ። ነርሷ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንት ትሰጥሃለች፤ እንዳያዳልጣችሁ ነው። ሰፋ ያለው የአባባ ነው። ፊት ለፊት ስትቆሙ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይደክም ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንተ ተንበርከክለት። የሱ እጅ፣ ያንተ እጅ፣ የሱ፣ ያንተ። ቀስ ብላችሁ፣ በሦስት።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስመህ፣ ያን ነገር ማለቴ ጋዙም ኤሌክትሪኩም እንዳልነበረ ንገርልኝ። ሚስትህን በጣም አድርጌ ናፍቄያታለሁ፤ ጠረጴዛው እሑድ እሑድ ሊወሰድባት እንደሚችል ካሁኑ አስጠንቅቃት። ሚጢጢዋን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ኳስ ጣራ ላይ ከወጣባት ጎረቤት ትጥራ። ሳትረሳ ያቺን የስፌት መኪናም አንዴ መታ አድርግልኝ።

ለአባባ ግን በጽሑፍ ሰላምታ አልልክም። ልጅህ እጅህን ስማለች በልልኝ፤ በእማዬ በኩል ሳይሆን በራስህ አፍ፣ ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት እጁን ይዘህ።

እህትህ፣ ዱላ ወልዋይዋ

ከብስክሌት ጥገናው በላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን